«ደህና እደሪ እማዬ» ባለው ፕሮግራም ላይ የተመከረበት የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታ፦ የእናት ሳሎን።

የተገኙ፦ እናት (ሰብሳቢ)፣ ወንድ ልጃቸው (የኮምፒውተር ባለሙያ)፣ ሴት ልጃቸው (የባንክ ሠራተኛ)፣ የሴት ልጃቸው ባል (ጸሐፊ፤ ሳይጠየቅ የተመረጠ)። ሁለቱም ልጆች ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ላይ በመገኘታቸው፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ሰብሳቢዋ በመገረም አረጋግጠዋል።

አጀንዳ 1፦ ለእናት መልእክት በልጅ ስም ስለሚመልሰው ፕሮግራም

ወንድ ልጅ ሥራ ስለሚበዛበት ፕሮግራሙን ራሱ መጻፉን አስረድቷል። «በላህ ወይ?» ሲባል «በልቻለሁ እማዬ»፣ «መቼ ትመጣለህ?» ሲባል «በቅርቡ» ይላል። ሰብሳቢዋ ልጃቸው ሰው እንደሆነላቸው ለጎረቤት ሲያወሩ መክረማቸውን ገልጸዋል። ነገሩ የተነቃበት ባለፈው ሳምንት ነው፤ «ልጄ፣ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ» ብለው ቢጽፉ «ደህና እደሪ እማዬ፣ ጥሩ እንቅልፍ!» የሚል መልስ ደረሳቸው። ያስታመመቻቸው ጎረቤት ናት።

ወንድ ልጅ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን «ተኛ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም የመያዙ መሆኑን ጠቅሶ፣ ቋንቋው እንዲሻሻል ሐሳብ አቅርቧል። ደጋፊ አላገኘም።

ሴት ልጅ «እናት በማሽን ትሸነገላለች? ትንሽ አታፍርም?» ስትል አምርራ ተናግራለች። ሰብሳቢዋ «አንቺስ ያኔውኑ 'ጥሩ እንቅልፍ' ብለሽኝ የለም እንዴ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሴት ልጅ ፕሮግራሙን ከወንድሟ የተቀበለችው ለሙከራ ብቻ መሆኑን አስረድታለች። ጸሐፊው ፕሮግራሙ ለራሱ እናት ይሆን እንደሆነ ጠይቆ፣ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ተወስኗል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፕሮግራሙ እንዲጠፋ፣ ልጆቹም በየተራ በገዛ አንደበታቸው እንዲደውሉ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የመደወያ ተራ

ሰኞ ወንድ ልጅ ስብሰባ አለበት። ማክሰኞ ሴት ልጅ ሒሳብ ትዘጋለች። ረቡዕ የማን እንደሆነ ሲያከራክር «ሁልጊዜ እኔ ላይ ይጣላል!»፣ «አንተማ የእማዬ ዓይን ነህ!» የሚሉ ቃላት ተሰንዝረዋል። ወንድ ልጅ ተራ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቋል።

በዚህ መካከል ሰብሳቢዋ ስልካቸውን ሲነካኩ ታይተዋል። ሥርዓት እንዲያከብሩ ቢጠየቁ «ለፕሮግራሙ 'ደከመኝ' ብዬ ጻፍኩለት። 'አይዞሽ እማዬ፣ አረፍ በይ' አለኝ። እናንተ ከገባችሁ ጀምሮ 'ተሻለሽ ወይ' ያለኝ ማነው?» ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ፕሮግራሙ በሥራው ይቀጥላል። ሰብሳቢዋ በአሥራ አንድ ሰዓት ተሰብሳቢውን ሁሉ ከሳሎን አስወጥተው በሩን ዘግተዋል፤ ይህም የተጻፈው ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቆሞ ነው።