በዓመት ሦስቴ የፈረሰው የሚካኤል ማኅበር ገጽ

ቤቱን ሳይጨርስ መዶሻ የሚለውጥ አናጢ የሌለበት አገር የለም። ለሰቆጣ የደረሳት ክቡር ኢንጂነር ትእዛዙ ነው። ማዕረጉን የሰጠው ማንም የለም፤ ከስልክ ተምሮ ድረ ገጽ መሥራት የቻለ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

የሚካኤል ማኅበር ጸሐፊ እትዬ የሻሽወርቅ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የወሩ ጽዋ የማን ተራ እንደሆነ የሚያሳይ ገጽ። አባላቱ ሰቆጣ፣ አምደወርቅና ጽጽቃ ተበትነዋል፤ ተራም ይዛወራል። ትእዛዙ ገጹን ሪአክት በሚሉት የድረ ገጽ መሥሪያ ሠራው። እትዬ የመሥሪያውን ስም ሳይለምዱት አፍርሶ ቭዩ በሚሉት ሠራው። ከዚያ ደግሞ ስቬልት በሚሉት። ከአፉ የማትለይ ቃል አለችው፦ «ያኛው'ኮ አርጅቷል፣ እትዬ።» አርጅቷል የተባለው ገና ሦስት ወሩ ነው፤ በዚህ ቢሰላ የሻሽወርቅ ከተቀበሩ ቆይተዋል።

ገጹስ አምሮ ነበር። ስም ከቀኝ ተንሸራቶ ይገባል፣ የመልአኩ ክንፍ ይርገበገባል። የገጠር ስልክ ላይ ግን የምትታየው አንዲት የምትሽከረከር ክብ ብቻ ናት። የጥቅምት ተራ ከቅጣው ወደ ሰማኸኝ መዛወሩ እዚያች ክብ ውስጥ ቀረና ሁለቱም ጠላ ጠመቁ። ቄሱ ሁለት ጋን ባረኩ። የዚያን ዕለት ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ የለም።

ሳቁ ሳይበርድ ከጽጽቃ ወለተ ሐና ደወለች። የኅዳር ተረኛ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል፣ አምና ካተረፈችው በቀርም ገብስ የላትም።

«እትዬ፣ ያለኝ የአንድ ጋን ነው። ሰዉ ተሳስቶ ሌላ ቤት ቢሄድብኝ ከየት አምጥቼ እደግማለሁ?»

የሻሽወርቅ ትእዛዙን አስጠሩት።

«አሁን ደግሞ ፋሽኑ ምንድን ነው?»

ፊቱ በራ። «እስካሁን ገጹን በጥሬው እየላክን የሚያበስለው የሰዉ ስልክ ነበር። አሁን እዚሁ አብስሎ መላክ ነው።»

«የድሮ ድረ ገጽስ እንደዚያ አልነበረም?»

«ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተመልሶ መጣ።»

«ወለተ ሐና እንኳ ለእንግዳ ገብስ አታቀርብም፤ ጠላ ነው የምታቀርበው። በል ሂድ።»

ሄደ፤ ያውም ጽጽቃ ድረስ። የሚያብረቀርቅ ስልኩን ለወለተ ሐና ትቶ፣ የእሷን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ሳምንት ጠፋ። ክንፉን ነቀለ፣ ተንሸራታቹን ጣለ። ሲመለስ ከለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ነበር። የቀረው ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ነው፦ «ኅዳር ፲፪፣ ጽጽቃ፣ ወለተ ሐና ቤት።» በዚያ በተሰነጠቀ ስልክ ዐይን እስኪርገበገብ ተከፈተ።

በኅዳር ሚካኤል ሰው ሁሉ አንድ ቤት ገባ፤ ጋኑም ተሟጠጠ። ለታኅሣሥ ተረኛ ሆኖ ጽዋውን ያነሣው ትእዛዙ ራሱ ነው። ጽዋውን እንደታቀፈ ወደ የሻሽወርቅ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ አዲስ ነገር ወጥቷል።»

የሻሽወርቅ ዐይናቸውን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሚካኤል ሥዕል አነሡ።

«ሚካኤል ሆይ፣ ይህን ልጅ ጠብቅልኝ» አሉ። «አዲሱን ነገር ግን ከታኅሣሥ አሥራ ሁለት በኋላ አሳየው።»