የድሃ ምስክር

(ሐይቅ ከተማ፤ የአንድ ሐኪም ቤት ግቢ። «የነጻ ሕክምና ማመልከቻ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት በር ፊት ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኡበይድ ከአምባሰል የመጣ ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ዙለይሃ ትርፍ አንጀቷ ተቀዶ ወጥቶላት ከተኛች አምስተኛ ቀኗ ነው። ሀምዱ የጎረቤቱ ልጅ ነው፤ ከጅዳ ከተመለሰ አራት ወሩ። ጥቁር መነጽር አድርጓል።)

ሀምዱ፦ ጫማውን ያውልቁ ብያለሁ፣ ጋሽ ኡበይድ!

ኡበይድ፦ መስጊድ ልንገባ ነው እንዴ?

ሀምዱ፦ ቢሮ ነው የምንገባው! በቆዳ ጫማ የመጣን ሰው ማን ድሃ ይለዋል?

ኡበይድ፦ ጫማው እኮ የኔ አይደለም፤ የአማቼ ነው። «ቢሮ በተቀደደ ጫማ አይገባም» ብሎ አዋሰኝ።

ሀምዱ፦ ታዲያ የአማችዎ መሆኑን ማን ያውቃል?

ኡበይድ፦ አማቼ ያውቃላ።

ሀምዱ፦ ያረቢ! (መነጽሩን ያስተካክላል) ይስሙኝ። እኔ የዐረብ አገር ቢሮ ያየሁ ሰው ነኝ፤ የዚህኛው አያቅተኝም። ዘዴው አንድ ነው፤ ለሚጠየቁት ሁሉ «የለኝም» ማለት። እንለማመድ። በሬ?

ኡበይድ፦ አንድ አለኝ።

ሀምዱ፦ የለኝም!

ኡበይድ፦ አንተማ ከየት ታመጣለህ፣ ልጄ።

ሀምዱ፦ «የለኝም» የሚሉት እርስዎ ነዎት! መሬት?

ኡበይድ፦ የለኝም።

ሀምዱ፦ ጎሽ! ሚስት?

ኡበይድ፦ የለኝም።

ሀምዱ፦ ኧረ ሚስት አለኝ ይበሉ! ሚስት ከሌለዎት ማንን ሊያሳክሙ መጡ?

ኡበይድ፦ ለሁሉም የለኝም በል አላልክም?

ሀምዱ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ወረቀቱስ ተሟልቷል?

ኡበይድ፦ (ከደረት ኪሱ እያወጣ) ይኸው የቀበሌ ደብዳቤ። ይኸው የሦስት ጎረቤት ፊርማ። ይኸው ጉርድ ፎቶ። ለባጃጅ ስከፍል፣ ለፎቶ ስከፍል፣ ለኮፒ ስከፍል ሰነበትኩ። ሥራውን ስጀምር ግማሽ ድሃ ነበርኩ፤ ወረቀቱ ሲሟላ ሙሉ ድሃ ሆንኩ።

(በሩ ይከፈታል። ማመልከቻ ተቀባይዋ ሰብለወንጌል ትጠራቸዋለች። ገብተው ይቀመጣሉ።)

ሰብለወንጌል፦ ደህና አደሩ፣ አባባ። እኚህስ ማን ናቸው?

ሀምዱ፦ አማካሪያቸው ነኝ።

ኡበይድ፦ የጎረቤቴ ልጅ ነው።

ሰብለወንጌል፦ እሺ። ወርሃዊ ገቢዎ ስንት ነው?

ኡበይድ፦ በወር የሚገባ? ይለያያል፣ ልጄ። ባለፈው ወር አማቼ ገባ። እህቴም ከነልጆቿ ገብታ ሰነበተች።

ሰብለወንጌል፦ ገንዘብ ማለቴ ነው።

ኡበይድ፦ እሱማ ቤታችንን አያውቀውም።

ሰብለወንጌል፦ (ሳቋን ውጣ ትጽፋለች) ጥገኛ አለብዎት?

ኡበይድ፦ ነበረብኝ። አምና ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጥተውኝ ወጣልኝ።

ሀምዱ፦ የሆድ ትል አይደለም የጠየቀችዎት! በእርስዎ እጅ የሚተዳደር ሰው ነው።

ኡበይድ፦ እንደሱ በይኛ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ።

ሰብለወንጌል፦ ቋሚ ንብረትስ?

ኡበይድ፦ ቋሚ እንኳን የለም። በሬው አርጅቷል፤ አንዴ ከተኛ የሚያቆመው ሦስት ሰው ነው።

ሀምዱ፦ (በሹክሹክታ) በሬ የለኝም ይበሉ!

ኡበይድ፦ አለኝ እንጂ! ሚስቴ በተኛችበት ግቢ ተቀምጬ ልዋሽ? አንድ በሬ አለኝ፣ ትንሽ መሬት አለችኝ። ሂሳቡን ለመክፈል በሬውን ገበያ ላውጣው ብዬ ነበር፤ ግን ሰኔ ሲገባ በምን አርሳለሁ? ዙለይሃ ድና ቤቷ ስትገባ ምን ላበላት ነው?

(ሰብለወንጌል የተናገረውን ቅጹ ላይ ትጽፋለች። ሀምዱ ነገሩ የተበላሸ መስሎት ብድግ ይላል።)

ሀምዱ፦ አይስሟቸው! በሽተኛ ሲያስታምሙ እንቅልፍ አጥተው ነው። እኚህ ሰው ምንም የላቸውም። የሚኖሩት በኔ ነው!

ሰብለወንጌል፦ በእርስዎ?

ሀምዱ፦ በየወሩ! ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ የልጆቹ ደብተር፣ ሁሉም ከኔ ኪስ ነው የሚወጣው።

ሰብለወንጌል፦ ይህን በምስክርነት ይፈርማሉ?

ሀምዱ፦ በሁለት እጄ! (ይፈርማል። ወደ ኡበይድ ዞሮ) አዩ? ሥራ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሰብለወንጌል፦ (ቅጹን እያነበበች) ጥሩ። በቋሚነት የሚረዳው ሰው ያለው ታካሚ ነጻ ሕክምና አያገኝም፤ ሂሳቡ የሚቀርበው ለረጂው ነው። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ብር። በባንክ ነው በእጅ?

ሀምዱ፦ ማ... ማን ነው የሚከፍለው?

ሰብለወንጌል፦ እርስዎ ነዋ። ፈርመዋል እኮ።

ሀምዱ፦ (መነጽሩን ያወልቃል) እህቴ፣ ያንን ወረቀት ቅደጂልኝ። ውሸቴን ነው። ጅዳ ሰብስበው ነው የመለሱን፤ ቦሌ ስወርድ ሁለት ሸሚዝ በፌስታል ይዤ ነበር። የኩላሊቴን መድኃኒት እንኳ መግዛት ካቆምኩ ሁለት ወሬ ነው።

ኡበይድ፦ አብሽር፣ ልጄ። አብሽር።

ሰብለወንጌል፦ (ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ) ታዲያ ለምን ለራስህ አላመለከትክም?

ሀምዱ፦ ሰው ምን ይለኛል? ከዐረብ አገር መጥቶ የድሃ ደብዳቤ ያዘ አይሉም?

(ሰብለወንጌል የፈረመበትን ገጽ ገንጥላ ትቀደዋለች።)

ሰብለወንጌል፦ አባባ፣ በሬዎን አይሽጡ። እውነቱን ስለነገሩኝ መዝገቡን አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። ከሂሳቡ ሦስት እጁ ይነሳልዎታል፤ አንዱን እጅ ከመኸር በኋላ ይከፍላሉ። ዙለይሃም ዛሬ ትወጣለች።

ኡበይድ፦ አልሃምዱሊላህ! አላህ ያክብርሽ!

ሰብለወንጌል፦ (አዲስ ቅጽ እያወጣች) አንተ ደግሞ ተቀመጥ፣ ሀምዱ። ግን ኑሮህን የሚያውቅ ምስክር ያስፈልግሃል።

ኡበይድ፦ እኔ አለሁ። ቀለሙን አምጪው፣ ጣቴን ላሳርፍ።

ሰብለወንጌል፦ ኑሮውን በደንብ ያውቁታል?

ኡበይድ፦ ከመጣ ጀምሮ ምሳው እኛ ቤት ነው።

ሀምዱ፦ (አንገቱን ደፍቶ) እኔ እኮ... ለጨዋታ የምመጣ ይመስላችኋል ብዬ...

ኡበይድ፦ አራት ወር ሙሉ ወጥ ሲወርድ የሚጀመር ጨዋታ አይተን አናውቅማ።

ሰብለወንጌል፦ ይህን ሁሉ እያወቁ፣ አባባ፣ ምክሩን ቁጭ ብለው ለምን ሰሙት?

ኡበይድ፦ ምን ላድርግ፣ ልጄ፤ ሲመክር ረሃቡን ይረሳል።