የትርፍ ድርሻችንና የኦቦ ቱሉ ምርቃት

ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ ሲጨነቅ ይኖራል፤ የሌለው ደግሞ እሱን ሲመክር። እኔ ለረጅም ዓመታት ከመካሪዎቹ ወገን ነበርኩ። ሰበታ ውስጥ በምሠራበት የክር ፋብሪካ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ መሬት፣ ስለ ዶላርና ስለ አክሲዮን የማልሰጠው ትንታኔ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቼ "እሱ እኮ ያውቃል" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ቤሳቤስቲን የሌለው ሰው በምን ተሳስቶ ይታያል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን እቁብ ደረሰን። ባለቤቴ አስቴር ለዓመታት ያጠራቀመቻትን ጨመረችበትና "በል እንግዲህ የአቤል አባት፣ ያንን ሁልጊዜ የምታወራውን አሁን አድርገው" አለችኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እውቀቴ ጥሎኝ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ቃል ሳልተነፍስ በላሁ፤ ሰዎቹ ያመመኝ መስሏቸው ነበር።

አስቴር የምትሠራው ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሸጊያ ክፍል ነው። ሥራው የቁም ነው። ከወላይታ ተያይዘን ከመጣን ጀምሮ ቆማ ነው የኖረችው ብል ማጋነን አይሆንም። ማታ ስትገባ ጉልበቷን ይዛ ደረጃዋን አንድ በአንድ ስትወጣ ሳያት እኔን ያመኛል። ምኞቷም ትልቅ አይደለም፤ በመንገዱ በኩል ያለችውን መስኮታችንን አስፍታ፣ ሳሙናና ዘይት፣ መኮሮኒና ክብሪት መሸጥ ነው። ተቀምጣ! ይቺ "ተቀምጣ" የምትለው ቃል አፏ ላይ ስትጣፍጥ ላያት፣ ስለ ሱቅ ሳይሆን ስለ መንግሥተ ሰማያት የምታወራ ነው የምትመስለው።

ታዲያ ገንዘቡን በቀጥታ ሱቁ ላይ ለምን አታደርጉትም የሚል አንባቢ አይጠፋም። እሷም ጠይቃኛለች። ሱቅ በዱቤ ያልቃል፣ አክሲዮን ግን ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ይሰጣል፤ በትርፍ ድርሻው ሱቁን እንሞላለን ብዬ አስረዳኋት። አሁንም ቢሆን ንግግሩ ጥሩ ነበር እላለሁ።

ትልልቆቹን ኩባንያዎች ገና ከመጀመሪያው ነው የተውኳቸው። ምክንያቴ ቀላል ነው። ሺህ ሰው የተጠራበት ሠርግ ላይ ወጡ ጭራሽ ላይደርስህ ይችላል፤ ሠላሳ ሰው የተጠራበት ላይ ግን ደጋሿ ራሷ መጥታ "ምነው አልበላህም?" ትልሃለች። ትንሽ ኩባንያ ውስጥ ድርሻህ ይታያል፣ ስምህ ይታወቃል፣ ብትቀር ትፈለጋለህ። ይህ የስም መታወቅ ነገር በኋላ ምን ጉድ እንደሚያመጣብኝ ያኔ ማን ነግሮኝ!

ምርጫዬን ደግሞ እንዲሁ በጭፍን አላደረግኩትም። ሦስት ቅዳሜ ሚኒባስ እየቀያየርኩ ዞርኩ። የሂሳብ ሪፖርት ሰጥተውኝ ነበር፤ ግን ሪፖርት ላይ ያተረፈ እንጂ የከሰረ ኩባንያ አይቼ ስለማላውቅ፣ እኔ የምጠይቀው ዘበኛውን ነበር። ደመወዝ በወቅቱ ይከፈላል ወይ? ዘበኛውን የማያስጠብቅ ኩባንያ እኔንም አያስጠብቀኝም የሚል ጽኑ እምነት ነበረኝ። እዚሁ ሰበታ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ፋብሪካ ዘበኛ ጥያቄዬን ሰምቶ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ አመስግኜው ሄድኩ። ቡራዩ የብሎኬት ማምረቻው በር ላይ ዘበኛ ራሱ የለም። ሱሉልታ፣ የወተት ማቀነባበሪያው ዘበኛ ግን አዲስ ጫማ አድርጎ፣ እርጎ እየጠጣ፣ "ወሩ ሳያልቅ ነው የሚከፍሉን" አለኝ። አክሲዮን ሻጩን እንኳን ይህን ያህል አላመንኩትም። ባለፉት ዓመታት ትርፍ ማከፋፈላቸውንም አጣርቼ ገዛሁ።

በመጀመሪያው ዓመት የደረሰን ትንሽ ነበር፤ ለአስቴር ወንበር ገዛንበት። ሱቁ ገና የለም፣ ወንበሩ ግን አለ። በሁለተኛው ዓመት መስኮቱን አስፍተን መደርደሪያ አሠራን። ዘንድሮ የቀረው ዕቃ መሙላት ብቻ ነበር። አስቴር የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዋን ጽፋ ጨርሳለች፤ ባዶ የተወችው ቀኑን ብቻ ነው። ቀኑን የምትሞላው እኔ ከጠቅላላ ጉባኤ ስመለስ ነው።

የጉባኤው ጥሪ ሲደርሰን ግን ሦስተኛው አጀንዳ ደስ አላለኝም። ቦርዱ የዘንድሮው ትርፍ ሳይከፋፈል ካፒታል ላይ ተጨምሮ አዲስ የማሸጊያ ማሽን እንዲገዛ ሐሳብ ያቀርባል ይላል። ለአስቴር አልነገርኳት። ሐሳብ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም፣ ተቃውሜ አስቀረዋለሁ ብዬ፣ ሸሚዝ አስተኩሼ፣ ንግግሬን በወረቀት ጽፌ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ላይ እንደ እኔው የወተቱ ኩባንያ ባለአክሲዮን የሆነውን የቡራዩውን መምህር ደረጀን አገኘሁትና አብረን ተሳፈርን። እሱም የሚቃወም ነው። ሚኒባሱ እንጦጦን እስኪወጣ ቦርዱን በንግግር አፈራረስነው። ማን ቀድሞ እጅ እንደሚያወጣ ተስማማን፤ እኔ ቀድሜ፣ እሱ አከታትሎ። መምህሩ "ፈርጠም በል እንጂ" እያለ ንግግሬን ሁለት ቦታ ላይ አረመልኝ።

አዳራሹ ስንገባ ያስቀመጡኝ ከኦቦ ቱሉ ጎን ነበር። ኦቦ ቱሉ ኩባንያውን ከመሠረቱት የሱሉልታ ገበሬዎች አንዱ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸው ንጹሕ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ። "አካም ጅርቱ ኦቦ ቱሉ?" ብዬ በምችለው ኦሮምኛ ሰላም ብላቸው ደስ ብሏቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ነጋ፣ ነጋ ልጄ! ማቲን ነጋ? ቤተሰብ ደህና ነው? የባለቤትህ ጉልበት ተሻላት?" አሉኝ። አምና በሻይ ሰዓት በጨዋታ መሃል አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ነው እኮ! የገዛ ወንድሜ እንኳን ስለ ጉልበቷ ጠይቆኝ አያውቅም። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ያኔ ነው መክበድ የጀመረው።

ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን አነበበ፤ ሦስተኛው አጀንዳ ጋ ደረሰ። እኔ እንደ ስምምነታችን እጄን አወጣሁ። ሊቀመንበሩ አየኝና ፈገግ ብሎ፣ ወደ ውይይቱ ከመግባታችን በፊት አባታችን ኦቦ ቱሉ ይመርቁን አለ። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ "ቆይ፣ ተራው የእኔ ነው" የሚል ሰው እዚህ አገር አልተወለደም። አዳራሹ በሙሉ መዳፉን ዘርግቶ ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ።

ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ መረቁ። አገራችሁ ሰላም ይሁን፤ አሜን! ላማችሁ አይንጠፍ፤ አሜን! ልጆቻችሁ ይደጉ፤ አሜን! እኔ ደግሞ ጸሎት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ አሜን የሚባለው በሹክሹክታ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነበር። እሳቸውም ሞቅ ሲላቸው ወደ እኔ ዞረው፣ የደከመ እግር ሁሉ ይረፍ፤ አሉ። እንባዬ መጣ። አሜን! አልኩ፣ መስኮቱ እስኪነቃነቅ። ትንፋሽ ሳይወስዱ ቀጠሉ፤ የዘንድሮው ትርፋችን በየኪሱ ተበትኖ አይቅር፣ ዘር ይሁን፣ አዲሱ ማሽን ላይ ይዘራ፣ ለከርሞ በእጥፍ ይብቀል።

ምን ልበላችሁ? አሜን ስል የሰማሁት ራሴን ነው። ከእኔ ቀጥሎ የጮኸው ደግሞ መምህር ደረጀ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ሊቀመንበሩ ረጋ ብሎ "ከዚህ ምርቃት በኋላ የሚቃወም አለ?" ሲል ጠየቀ። ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ፣ ማንም በማያውቀኝ አዳራሽ፣ ማንንም በማላውቅበት፣ ያለ ሐፍረት ተነሥቼ በተቃወምኩ ነበር። እዚህ ግን ገና አሁን አሜን ያልኩበትን ነገር፣ የሚስቴን ጉልበት በጠየቁኝ ሰው ፊት እንዴት ብዬ? መምህር ደረጀን አየሁት፤ እሱ ጣሪያውን እያየ ነው። ሊቀመንበሩ ግን የእኔን እጅ አልረሳውም። "ቅድም እጅ አውጥተው ነበር፤ ሐሳቡን ለመደገፍ ነው?" አለኝ። ተነሣሁ። ያ ሁሉ ንግግር ኪሴ ውስጥ እያለ ከአፌ የወጣው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ነው። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሐሳቡን የደገፍኩ እኔ ሆንኩ።

ለእውነት ያህል፣ ማሽኑ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ኦቦ ቱሉም ተንኮለኛ ናቸው አልልም፤ ወተታቸው በየቀኑ የሚተርፍባቸው ገበሬ ናቸው፣ የልባቸውን ነው የመረቁት። ነገር ግን ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ያለው መንገድ የዚያን ቀን አጠረኝ። ሌላ ጊዜ የሚያማርረኝ የመኪና ሰልፍ እንኳን አልነበረም።

ቤት ስደርስ አስቴር እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ደብዳቤዋና እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። "እህ?" አለችኝ። ከሩቅ ልጀምር ብዬ ስለ ኦቦ ቱሉ ነገርኳት፤ ጉልበትሽን ጠየቁ ስላት ፊቷ ፈካ። እንዴት መረቁ? አለችኝ። ያው ቀስ በቀስ ትረዳዋለች ብዬ፣ ተነሥቼ፣ መዳፌን ዘርግቼ፣ ልክ እንደሳቸው እየመረቅኩ አሳየኋት። ላማችሁ አይንጠፍ፤ አሜን አለች። ልጆቻችሁ ይደጉ፤ አሜን አለች። የደከመ እግር ሁሉ ይረፍ ስል ዓይኗን ጨፍና፣ ከልቧ፣ አሜን አለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የዘንድሮው ትርፋችን ዘር ይሁን፣ አዲሱ ማሽን ላይ ይዘራ አልኩ።

"አሜን!" አለች አስቴር።

ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየች፣ ደብዳቤውን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። የነገ የሥራ ልብሷን ልታዘጋጅ እያነከሰች ተነሣች፤ ሦስተኛው አጀንዳ ቤታችንም በሙሉ ድምፅ አለፈ።