የወይዘሮ ደመቀች የቅቤ ቅል

ፈጣሪ ከተማ ሲቆረቁር ገበያ፣ የውኃ ጉድጓድና አንዲት አደራ ሰጪ ሳያጓድል ነው። ለነገሌ በውኃው በኩል ቢቆጥብባትም፣ በአደራ ሰጪ በኩል ግን እጁን ዘርግቶላታል፤ ክብርት ወይዘሮ ደመቀችን፣ የመንገደኛን ሁሉ መቅሠፍት። ሰው ወደ ዱብሉቅ ሊሄድ ጫማውን ማሰር ሲጀምር እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «ትንሽ ናት ልጄ፣ አትከብድህም።» ትንሿ አንድ ጊዜ አልጋ ነበረች። ሌላ ጊዜ ደግሞ እግሩን የታሰረ ሙክት። ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንኳ የእሳቸውን በርበሬ ታቅፎ እያነጠሰ አልቅሷል።

ነጋዴው ዓብዱልመጂድ ይህን ስለሚያውቅ፣ ለኒካሑ ወደ ክብረ መንግሥት የሚበርበትን ቀን ለገዛ እናቱ በሹክሹክታ ነበር የነገረው። ለሙሽራዋ ለሸምሳ የሚሰጠውን ሐር በአንድ ጥቅል አስሮ፣ ጎህ ሲቀድ ከአውሮፕላኑ ሜዳ ደረሰ። ባለ አንድ ሞተሯ ትንሽ አውሮፕላን ሥር ወይዘሮ ደመቀች ከፓይለቱ ከአሸቱ ጋር ይሳሳቃሉ። በእጃቸው ቅል ይዘዋል።

«ክብረ መንግሥት ያለችው ልጄ ጠጂቱ ወልዳለች። የአራስ ቅቤ ነው፤ ትንሽ ናት።»

«እትዬ ደመቀች፣ ወላሂ ዛሬስ ይተዉኝ! ሙሽራ ነኝ!»

«ሙሽራ ምን ሥራ አለው? ቁጭ ብለህ አይደል የምትሄደው!»

ቅሉ ጭኑ ላይ ተቀመጠ።

ከሊበን ሜዳ በላይ ሲበሩ ሞተሩ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ከዚያ እንደ ደከመ በሬ እያቃሰተ ወደ ታች ያዘግም ጀመር።

«ከፍታ እያጣን ነው!» ጮኸ አሸቱ። «በሩን ገፍተህ ዕቃውን ጣል!»

የዓብዱልመጂድ ደም ፈላ። ቅሉን አንሥቶ፣ «ሂድ! አንተም ባለቤትህም!» ብሎ በሩን ገፋ። እጁ ግን አልታዘዝ አለው። የራሱ ቢሆን ዱሮ ጥሎታል። ይሄ የሰው ነው፤ ከሞት ቢተርፍ እንኳ «አደራ በላ» ተብሎ በየትኛው ገበያ ይቆማል? እየተራገመ ቅሉን መልሶ ታቀፈና የሸምሳን ጥቅል ወረወረ። ጥቅሉ አየር ላይ ተፈታ፤ ቀዩ ሐር እንደ ምሽት ደመና ተዘርግቶ፣ ቀስ እያለ፣ ግራሮቹን አለበሳቸው።

ቢሆንም ሞተሩ ጨርሶ ዝም አለ። አሸቱ በነፋስ ብቻ እያንሳፈፈ በኩይሳዎች መካከል ሣሩ ላይ አወረዳት። አንድ ጎማ ተሰበረ፤ ሁለቱም ሰዎች ግን በእግራቸው ወጡ። ዋሪዮ የሚባል ከብት ጠባቂ ጦሩን ተደግፎ ደረሰ።

«አካም? ናጋ?»

«እንዴት ነህ? ሰላም ነው?» ማለቱ ነው፤ እንደ ደንቡ ወሬው የሚከተለው ከሰላምታው በኋላ ነው። «ናጋ!» አለ ዓብዱልመጂድ ቅሉን እንደታቀፈ በንዴት።

በጭነት መኪና አቧራ ለብሶ ክብረ መንግሥት ሲገባ፣ የሸምሳ አባት ሀሺ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ነበር።

«የልጄ ልብስስ?»

«ሊበን፣ ግራር ላይ ቀረ።»

«የታቀፍከውስ?»

«የሰው ቅቤ ነው።»

«ልጃችንን በቅቤ ሊወስዳት!» አለች አንዲት አክስት ከመጋረጃው ጀርባ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም፤ አንዱ ለመነሣት ከዘራውን ፈለገ። ኒካሑ ሊፈርስ ነው። ያኔ ዓብዱልመጂድ ፈነዳ። ወይዘሮ ደመቀችን፣ ቅላቸውን፣ ቅቤውን የሰጠችውን ላም ሳይቀር እየረገመ የሆነውን ሁሉ ተናገረ።

ሀሺ በጣታቸው ቅሉን አመለከቱ።

«የራስህን ጥለህ የሰው ያዝክ?»

«ምን ላድርግ አባባ፣ አደራ ነዋ!»

«እንግዲህ ሸምሳም አደራ ናት» አሉ ሀሺ። «መጀመሪያ ግን ቅሉን ለአራሷ አድርስ።»

በሠርጉ ሴቶቹ እንዲህ አሉ፦

የራስ ዕቃ ቢጣል ይለቀማል ከዱር፣
አደራ የጣለ ሰው እንደምን ብሎ ይደር?

ዓብዱልመጂድ ዛሬም ወይዘሮ ደመቀችን ገና ከሩቅ ሲያይ ይሳደባል፤ እየተሳደበም የሚሰጡትን በሁለት እጁ ይቀበላል። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አንድ ደንበኛ፣ «እኚህ ሴትዮ የከተማው ዕዳ ናቸው» ቢል፣ ዓብዱልመጂድ የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን ባንኮኒው ላይ አጮኸው።

«ዝም በል! እሳቸውን መሳደብ የእኔ መብት ነው፤ በሐር ነው የገዛሁት!»