ክቡር ኡስታዝ ሙዋፈቅና የወይራ መጭመቂያው

ጦርነት ቤት ይወስዳል፣ ልብስ ይወስዳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ አስረጂን ግን አይነካም። የትም ብትሰደዱ አንድ አስረጂ ቀድሟችሁ ደርሶ ይጠብቃችኋል። የእኛው ክቡር ኡስታዝ ሙዋፈቅ ይባላሉ። በደጉ ዘመን የቅርስ ተቆጣጣሪ ነበሩ። አሁን መሥሪያ ቤቱም የለም፣ አለቃውም የለም፤ ቁጥጥሩ ግን እንዳለ ነው።

እኛ ከቦምብ ሸሽተን፣ በሶርያ ከኢድሊብ ከተማ በላይ ወዳለው ኮረብታ የወጣን ነን። የምንኖረው ሺህ አምስት መቶ ዓመት ባለፋቸው የድንጋይ ቤቶች ፍርስራሽ ውስጥ፣ ሸራ ጣሪያ አልብሰን ነው። ኡስታዝ ከዘራቸውን ይዘው በየማለዳው ይዞራሉ። ከአምድ ወደ አምድ ገመድ ወጥራ ልብስ የምታሰጣ ሴት ካዩ ቆም ይሉና «ልጄ፣ የማን እንግዳ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ?» ይሏታል። ከዚያ ልብሱ ደርቆ እስኪለቀም አያበቁም። አንድ ቀን አውሮፕላን ሲያንዣብብ ከአለት በተፈለፈለ የጥንት መቃብር ውስጥ ተጨናንቀን ሳለ፣ የግድግዳውን ቅርጽ ማብራራት ጀመሩ።

«ኡስታዝ፣ ልንሞት እኮ ነው!» አለ አንዱ።

«እንግዲያው ሳታውቁት አትሙቱ!»

በዚያ ፍርሃት መሐል ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔማ ከሩቅ ሳያቸው እሸሽ ነበር። ዕጣ ሆኖብኝ የደረሰኝ ቤት የጥንት የወይራ መጭመቂያ ነው፤ ከፍርስራሹ ሁሉ እሱን ይወዳሉ። ባለቤቴ ኡሙ ሳሊም በግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ቀዳዳ ዳቦ ታስቀምጣለች።

«ኡሙ ሳሊም፣ እሱ እኮ ወይራውን የሚጫነው ግንድ ጫፉ የሚገባበት ነው!»

«ለእኔ የዳቦ ሣጥን ነው።»

«ዛሬም ቢሆን ይሠራል!»

«እርስዎም ቢሠሩ ደግ ነበር።»

በዚህ መኸር የመንደሩን ሰዎች ወይራ ለቅመን ድርሻችንን በጆንያ ወሰድን። የክረምቱ ዘይታችን ያው ነው፤ ሌላ የለንም። በማግስቱ ወይራ የሚጨመቅበት የቆላው ወፍጮ በመድፍ ተመታ፣ መንገዱም ተዘጋ። ወይራ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ በአራተኛው ቀን እጄን ጆንያ ውስጥ ብከት ይሞቃል። አንድ ቀን ቢጨመር ይበሰብሳል። ያን ጊዜ በገዛ እግሬ ወደ ኡስታዝ ሄድኩ።

«ኡስታዝ፣ እውነት ይሠራል?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «መጽሐፍ ላይ ይሠራል» አሉ ዝግ ብለው። ለካ ሰላሳ ዓመት ሲያስረዱ አንድም ቀን ሞክረውት አያውቁም።

መድፍ የጣለውን የእንጨት የመብራት ምሰሶ ጎትተን ጫፉን የዳቦው ቀዳዳ ውስጥ ከተትን። ልክክ አለ። ሴቶቹ ወይራውን በድንጋይ ፈጭተው፣ ከጆንያ በሰፏቸው ከረጢቶች ሞልተው ከምሰሶው ሥር ደረደሩ። በሌላው ጫፍ፣ እኔ ለምድጃ ልፈልጠው አስቤ የነበረውን ባለቀዳዳ ድንጋይ በገመድ አንጠለጠልን፤ ወንዶቹም በላዩ ላይ ተንጠለጠሉ። እንጨቱ አቃሰተ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልወጣም፤ ኡስታዝ በከዘራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ከዚያ ጥቁር ውሃ ወጣ፣ ተከትሎትም አረንጓዴ ዘይት። ወለሉ ላይ የተቀረጸውን፣ እኔ የተሰነጠቀ መስሎኝ ስረግጠው የኖርኩትን ቦይ ይዞ ሄደ፤ ጥጉ ላይ ታጠፈና ገንዳው ውስጥ ገባ። ማንም አልመራውም። እጃችንን በአፋችን ጭነን ቀረን።

«ኡስታዝ፣ ይህን ቦይ የቀረጸው ሰው ስሙ ማን ነበር?» አልኳቸው።

ሁላችንም ረጅሙን ማብራሪያ ጠበቅን።

«አናውቅም» አሉ። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም፤ ወላሂ፣ የዚያን ሰዓት ያህልም ወድጃቸው አላውቅም።

እናቴ ሐጃ ፋጡም ዳቦዋን ነክራ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች።

«ስሙ ቢጠፋስ፣ ይኸው እያበላን አይደል? አላህ ይዘንለት» አለች።

«አሚን» አልን ሁላችን። የኡስታዝ ድምፅ ከሁላችንም ኋላ ደረሰ።