ኤሊዋን ማን ይጡራት?

ሰው ለልጆቹ ሲናዘዝ አይታችኋል፤ ለኤሊ ሲናዘዝስ? እኔ አይቻለሁ፤ ያውም ከአራቱ ምስክሮች አንዱ ሆኜ።

ተናዛዡ አዳማ ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግቢያቸው ውስጥ ከአንዲት ኤሊ ጋር ይኖራሉ። ባለፈው እሑድ ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠርተው ኑዛዜውን አነበቡላቸው። "ቤቱ ኤሊዋን ለሚጦርልኝ ልጄ ይሁን። እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ግን አይሸጥም።"

ትልቁ ልጅ ፈጠን ብሎ፣ "እኔ እጦራታለሁ አባዬ!" አለ። ሁለተኛው፣ "ኧረ እኔን ነው የምትወደው!" እያለ ጎመን ሊያመጣላት ሮጠ። ይህ ሁሉ ፍቅር እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ከርሞ ነው?

ይሄኔ ኑዛዜውን የጻፈው ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ፣ "ኤሊ እኮ መቶ ዓመትም ትኖራለች" አለ።

ትልቁ ልጅ ሥራ እንደሚበዛበት ትዝ አለው። ሁለተኛውም ጎመኑን መልሶ አስቀመጠ።

ዱከም ፋብሪካ የምትሠራው ትንሿ ልጅ ግን ኤሊዋን አቅፋ በጭንቀት ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ እኔ ስሞትስ ለማን አደራ ልስጣት?"

ጋሽ መኮንን ሳቃቸውም እንባቸውም አንድ ላይ መጣ። እስክሪብቶውን ተቀብለው የትንሿን ልጃቸውን ስም ኑዛዜው ላይ ጻፉ፤ እኛም ደስ ብሎን ፈረምን።