እትዬ ለመሆኑ እና የፌስቲቫላችን ድረ ገጽ

ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ሁሉ ይህን ይወቅ፦ ፊደሉን የቱንም ያህል ቢያገዝፈው፣ ቀይም ቢቀባው፣ ከሥሩ ቆመው «ለመሆኑ ይሄ ምን ይላል?» የሚሉ አንዲት እናት አይጠፉም። ማንበብ አቅቷቸው አይደለም፤ ከእኔና ከእናንተ የተሻለ ያነባሉ። ግን ወረቀት አፍ የለውም፣ እሳቸው ደግሞ አፍ ከሌለው ነገር ጋር መነጋገር አይወዱም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። «እኛ ሰፈር የለም» የምትል አንባቢ ካለህ፣ ምናልባት ሰውየው አንተ ነህ።

በእኛ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ጎረቤቴ ናቸው። የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ «ለመሆኑ» ሳይሉ ስለማይጀምሩ፣ ትንሽ ትልቁ «እትዬ ለመሆኑ» ይላቸዋል። ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ።

አውቶቡስ ሲሳፈሩ ግንባሩ ላይ የተጻፈውን አይተው ሹፌሩን «ለመሆኑ ወዴት ነህ?» ይሉታል። ሲነግራቸው «ለመሆኑ ከዚያስ ትመለሳለህ?» ይከተላል። ለራስ ምታት ክኒን ሊገዙ ፋርማሲ ከገቡ፣ ሲወጡ ራሷን የምትይዘው ፋርማሲስቷ ናት። አንድ ጊዜ የዓይን ሐኪማቸውን «ለመሆኑ አንተን ማን መረመረህ?» ብለው ጠይቀውት ሰውየው በማግሥቱ መነጽር አድርጎ ታየ ይባላል። ለዚህኛው እማኝ አልሆንም።

እኔን ያገኙኝ በሥራዬ ነው። የከተማችንን የሙዚቃ ፌስቲቫል ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ምን የመሰለ ድረ ገጽ መሰላችሁ! ሲከፈት ጨለማ ይሆናል፣ ከጨለማው ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ወርቃማ ፊደላት እየተሽከረከሩ ይመጣሉ። የሙያ ጓደኞቼ አይተው አጨበጨቡልኝ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እትዬ ለመሆኑ ግን የከፈቱት ክሊኒክ ወረፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከበሮው በታመመ ሰው መሃል አስተጋባ። የሚያጠፉበት ቦታ ስላላገኙ ስልኩን ከነከበሮው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ቦርሳው ላይ ተቀመጡበት።

ከዚያ ወዲያ መደወል ሆነ።

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

«እትዬ፣ ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«እሱማ ይጮሃል እንጂ መቼ ይናገራል? አንተ ንገረኝ።»

እነግራቸዋለሁ። ገና ስልኩን ሳስቀምጥ እንደገና ይጠራል። ለመሆኑ ጥላ አለ? ለመሆኑ መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ነው? ደሜ ይፈላ ነበር፣ አልዋሽም።

እነሆ አምና ፌስቲቫሉ ግማሽ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ፌስቲቫሉ የሚካሄድበት የአትክልት ቦታ ኃላፊ «ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ቀኑን ለሌላ እንሰጣለን» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ፌስቲቫሉን የመሠረቱት፣ ጸጉራቸውን በእሱ ያሸበቱት የሙዚቃ መምህር ይህን ሲሰሙ አንድ ሳምንት ሙሉ ዋሽንታቸውን አልነኩም። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰው የቀረው በድረ ገጹ ነው፣ ስለዚህ በተጠቃሚው ፍላጎት ላይ ተመሥርቶ እንደገና ይሠራ ተባለ። ጥፋቱ ወደ እኔ ቤት መጣ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስለ ተጠቃሚው ፍላጎት ተወያየን። እንደ ሊቀመንበሩ ከሆነ ተጠቃሚው የሚፈልገው የሊቀመንበሩን ፎቶግራፍ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። እንደ ሒሳብ ሹሟ ከሆነ የድጋፍ ሰጪዎችን ዓርማ ነው። መምህሩ ደግሞ ተጠቃሚው የፌስቲቫሉን ታሪክ ከነመግቢያው በጣም እንደተጠማ እርግጠኛ ነበሩ። እኔ ሁለተኛ ከበሮ አሰብኩ። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልገኝም።

«አንሳው» አለኝ ሊቀመንበሩ ተናዶ። «ድምፁንም ክፈተው፣ ሁላችንም እንስማ!»

ከፈትኩት።

«ለመሆኑ ዘንድሮም ወንበሩ መደገፊያ የለውም?» አሉ እትዬ ለመሆኑ። «ዝናብ ቢመጣስ ወዴት ነው የምንሸሸው? የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ ታክሲ ይገኛል? ደግሞስ ያቺ ድምፀ መረዋ ልጅ የምትወጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ወገቤ ሌላውን ሁሉ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።»

ሊቀመንበሩ ሒሳብ ሹሟን አየ፣ ሒሳብ ሹሟ መምህሩን፣ መምህሩ ጣሪያውን።

«ለመሆኑ እነማን ናችሁ? ትንፋሻችሁ ይሰማኛል» አሉ።

«እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?» አለኝ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ።

«ተጠቃሚ ናቸው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። ጨለማውንም ከበሮውንም አነሳሁ፤ ልጄን የቀበርኩ ያህል ተሰማኝ፣ ግን አነሳሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእትዬ ለመሆኑን ጥያቄዎች እሳቸው በጠየቁበት ቃል ጻፍኩ፤ ከሥር ከሥሩ መልሱን። መልስ ያጣንለትን ኮሚቴው ሮጦ አበጀለት፦ መደገፊያ ያለው ወንበር ተከራየ፣ የዝናብ መጠለያ ተተከለ፣ የታክሲ ማኅበሩን አናገርን። ሲያልቅ ለእትዬ ለመሆኑ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሲያነቡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ደግ ነው» አሉ። «ለመሆኑ ሰው የለውም?»

«የምን ሰው?»

«ስደውል ሃሎ የሚል ሰው ነዋ!»

ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ምስጋና ሳያገኝ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያነሳ መዋልን የፈለገ የለም። «እንግዲያው ስልኩን ለእኔ ስጡኝ» አሉ እትዬ ለመሆኑ። «ቤት ውዬ ምን እሠራለሁ?»

ሰጠናቸው፤ ቁጥሩንም ድረ ገጹ ላይ ጻፍነው። አቤት የዚያን ጊዜ ኩራታቸው! በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ጎራ ብል በስልኩ ላይ ሲቆጡ ደረስኩ። «አንቺ ልጅ፣ ተጽፎልሻል እኮ! ዓይን የለሽም? የዘንድሮ ሰው ምን ነካው፣ አያነብም እንዴ?» ሳቄን ለመደበቅ ወደ ኩሽና ሸሸሁ።

ስመለስ ሌላ ሰው መስመር ላይ ነበር። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት ብዙም አይወጡም። ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል። ሰዓቱን አንብበውታል፣ ታክሲውንም አውቀውታል። የሚጠይቁት ሌላ ነው። «ብቻዬን ብመጣ ያስተዛዝባል?» አሉ።

እትዬ ለመሆኑ ቀና ብለው አዩኝ። ለዚህ የሚሆን ምንም አልጻፍኩም።

«የምን ብቻ ነው!» አሉ ወደ ስልኩ። «እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። አረንጓዴ ሻርፕ ነው የምለብሰው። ደግሞ እንዳይቀሩ፣ ብቻዬን ያስቀሩኝና!»

ያን ጊዜ ወደድኳቸው። እስከዚያ ድረስ የቻልኳቸው ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ያን ጊዜ ነው ከልቤ የወደድኳቸው።

የፌስቲቫሉ ዕለት ወንበር ጠፋ። ሰው ሳሩ ላይ ተቀመጠ፣ አጥሩን ተደገፈ፣ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቀሉ። የአትክልት ቦታው ኃላፊ መምህሩን ጨብጦ ለሚቀጥለው ዓመት ቀኑ የእነሱ መሆኑን ነገራቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። እኔ ከኋላ፣ የድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሜ አያቸዋለሁ።

ያቺ ድምፀ መረዋ ልጅ ለስለስ ያለውን ዘፈን ጀምራ ሕዝቡ ጸጥ እንዳለ ስልኬ ጠራ። ሁለተኛ ሳይደግም አነሳሁት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ገትሮ አቆመህ?» አሉ እትዬ ለመሆኑ በሹክሹክታ። «ዞር ብዬ ሳይህ አንጀቴን በላኸው። ቦርሳዬ ያለበት ወንበር ያንተ ነው። ከሰው ሁሉ ተጣልቼበታለሁ፣ ቶሎ ና!»

ጎንበስ ብዬ፣ ይቅርታ እያልኩ፣ በሰው ጉልበት መካከል አልፌ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ቦርሳውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉልኝ። እትዬ ለመሆኑ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ እጄን ያዝ አደረጉና፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ምንም አልጠየቁኝም።